ሒሳብን ከጨዋታ ጋር ያጋባው ሰው

ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ የጦር ጀግና ወይም የንጉሥ ታሪክ እንድመርጥ መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ጦር ያልመራ፣ አገር ያልገዛ፣ ትዳር እንኳ ያልያዘ፣ ዕድሜውን በአንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ከመጻሕፍት ጋር የፈጀ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ስሙ ቻርልስ ሉትዊጅ ዶጅሰን ይባላል። በዚህ ስሙ ብጠራው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሉዊስ ካሮል ያልሁ እንደ ሆነ ግን፣ ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ ስለ ገባችው ስለ አሊስ የተጻፈውን መጽሐፍ ያነበበ ወይም ፊልሙን ያየ ሁሉ ወዲያው ያስታውሰዋል።

ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከክፍላችን ልጆች የሚበዙት ሒሳብን እንደ መራራ መድኃኒት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚውጡት ስለ ሆኑ፣ ይህን ትምህርት ከጨዋታ ጋር ለማስማማት ዕድሜ ልኩን የደከመ ሰው መኖሩን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው፤ እሱንም አልደብቅም። እኔ ተብታባ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንዳንድ ፊደል ከከንፈሬ አልወጣም ይለኛል፤ በተለይም ሰው ፊት ስቆም ይብስብኛል። እንዲህም ሆኖ የሒሳብ አስተማሪ የመሆን ምኞት አለኝ። ይህን ምኞቴን በዕድሜ ለሚበልጡኝና ለማከብራቸው ሰው አንድ ቀን ባዋያቸው፣ ተብታባ አስተማሪ ሊሆን እንደማይችል፣ አፍ የማያስፈልገው ሌላ ሥራ ብፈልግ እንደሚሻለኝ ነገሩኝ። ክፉ አስበው እንዳልተናገሩ ዐውቃለሁ፤ ሆኖም ነገሩ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ዶጅሰን ተብታባ እንደ ነበረ ያነበብሁት በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ታሪኩን የተከታተልሁት እንደ ተራ አንባቢ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ ነው።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ዶጅሰን የተወለደው በጥር 27 ቀን 1832 በእንግሊዝ አገር፣ በቼሺር አውራጃ፣ ዳርስበሪ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲም በሒሳብ ከፍተኛ ማዕርግ ያገኙ ምሁር ናቸው። ልጆቻቸው አሥራ አንድ ሲሆኑ፣ ቻርልስ ሦስተኛ ልጅና ከወንዶቹ ሁሉ ታላቅ ነበር። በ1843 አባቱ ወደ ዮርክሺር አውራጃ ተዛውረው ቤተሰቡ ክሮፍት በምትባል ቦታ ሰፈረ። ከዚያ አጠገብ በምትገኘው በዳርሊንግተን ከተማ በኩል በ1825 የተከፈተ ባቡር ያልፍ ስለ ነበር፣ ባቡር ለዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ እንደ ተአምር የሚታይ አዲስ ነገር ነበር። ታዲያ ቻርልስ በቤታቸው አትክልት ቦታ ላይ የባቡር ጨዋታ አቋቋመ። በየጥጉ ጣቢያ አደረገ፣ ለተሳፋሪዎችም ደንብ ጻፈላቸው፤ ተሳፋሪዎቹ እኅቶቹና ወንድሞቹ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ለቤተሰቡ በእጁ የሚጻፉ መጽሔቶችን ያዘጋጅ ነበር፤ በነዚህም ውስጥ ግጥም፣ ሥዕልና ቀልድ ያወጣ ነበር። እንደ እኛው የመጽሔት አዘጋጅ ነበር ማለት ነው።

እኔ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚታየኝ ነገር አለ። የባቡር ጨዋታ ያለ ደንብ አይሆንም። ማን መቼ እንደሚነሣ፣ የትኛው ጣቢያ እንደሚቀድም፣ ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ መወሰን አለበት። ቻርልስ ገና በልጅነቱ ያወቀው ጨዋታ የሥርዓት ጠላት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ያለ ሥርዓት ጨዋታ ራሱ እንደማይኖር ነው።

ከ1846 እስከ 1849 ራግቢ በሚባለው ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ። በሒሳብ የተመሰገነ ነበር፤ ኑሮውን ግን አልወደደውም። በ1851 መጀመሪያ ላይ ኦክስፎርድ፣ ክራይስት ቸርች ወደሚባለው ኮሌጅ ገባ። በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ እናቱ ሞቱ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ኀዘኑን ችሎ ተምሮ በ1854 በሒሳብ ፈተና አንደኛ ሆነ። በ1855 እዚያው ኮሌጅ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ተሾመና እስከ 1881 ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት አስተማረ። ኑሮው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከዚያው ግቢ አልወጣም።

መንተባተቡ በዚህ ሁሉ ዘመን አልለቀቀውም። ከእኅቶቹና ከወንድሞቹ መካከልም እንደ እሱ የሚቸገሩ ነበሩ። የአንደበት ችግር የሚያርም ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ልምምድ አድርጓል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልዳነም። በኮሌጁ ያስተማራቸው አንዳንድ ወጣቶች ትምህርቱ ደረቅና አሰልቺ እንደ ነበረ መስክረዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። ተብታባ ማስተማር አይችልም የተባልሁት እውነት ነው ወይ? ብዬ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። በማግሥቱ ግን ንባቤን ስቀጥል በ1856 የሆነ አንድ ነገር አገኘሁ።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሃያ አራት ዓመቱ ዶጅሰን በከተማው ውስጥ በሚገኝ አንድ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ሒሳብ ለማስተማር ገባ። ልጆቹ እንዳይሰለቹበት አንድ ዘዴ ፈጠረ። አንድ ተረት እየነገራቸው፣ በተረቱ መካከል የሒሳብ ጥያቄ እያስገባ፣ ልጆቹ ሠርተው ሲጨርሱ ተረቱን ይቀጥል ጀመር። ከዚህም ጋር ሁለት የቁጥር ጨዋታ አሳያቸው። ሁለቱም እዚህ ሊገለጹ ይገባቸዋል፤ አንባቢም ከጓደኛው ጋር ሊሞክራቸው ይችላል።

የመጀመሪያው፣ የድምሩን ውጤት ቁጥሮቹ ሳይጻፉ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ጓደኛህ አንድ ባለ አራት አኀዝ ቁጥር ይጻፍ፤ 4729 ጻፈ እንበል። አንተ በሌላ ወረቀት ላይ 24727 ብለህ ጽፈህ አጥፈህ አስቀምጥ። ከዚህ በኋላ እሱ 3561 ቢጽፍ አንተ ከሥሩ 6438 ትጽፋለህ። እሱ 8204 ቢጽፍ አንተ 1795 ትጽፋለህ። አምስቱ ሲደመሩ ልክ 24727 ይሆናሉ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። አንተ የምትጽፈው እያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ ቁጥር ጋር ተደምሮ 9999 እንዲሆን ታደርጋለህ። ሁለት ጊዜ 9999 ማለት ከ20000 ሁለት የጎደለው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቁጥር ላይ ሁለት ቀንሰህ ከፊቱ 2 ብታስቀምጥ ውጤቱን ታገኛለህ።

ሁለተኛው፣ እስከ 100 የመቁጠር ውድድር ነው። ሁለት ሰዎች በየተራ ቁጥር ይጠራሉ። እያንዳንዱ በተጠራው ቁጥር ላይ ከ1 እስከ 10 ያለውን የፈለገውን ይጨምራል፤ 100 ብሎ የጠራ ያሸንፋል። ምሥጢሩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ብትሄድ ትደርስበታለህ። 89 ላይ የቆመ ሰው አሸንፏል፤ ባላጋራው ከ90 እስከ 99 ካለው ሌላ መጥራት አይችልምና። 89ን ለመያዝ 78ን፣ 78ን ለመያዝ 67ን፣ እንዲህ እያልህ በ11 ስትወርድ 1 ላይ ትደርሳለህ። ስለዚህ ጨዋታውን የሚጀምር ሰው 1 ብሎ ቢጀምርና መንገዱን ባይስት የሚያሸንፈው የለም።

ልጆቹ በነዚህ ጨዋታዎች እጅግ ተደነቁ። ሆኖም ነገሩ አልዘለቀም። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ፤ የሚሰማው ጠፋ፤ ዶጅሰንም ተስፋ ቆርጦ ያንን ትምህርት ተወው።

ይህን ታሪክ ሳነብ አፈርሁለት፤ ምክንያቱም እኔም ላይ ደርሶብኝ ስለ ነበር ነው። ባለፈው ዓመት የሒሳብ ክበባችን የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን እንድናግዝ ሲመድበን፣ አሥራ ስምንት ልጆች ደረሱኝ። በፈተና ወድቀው የመጡ ስለ ነበሩ ደስ ላሰኛቸው ብዬ በመጀመሪያው ቀን ቁጥር የማወቅ ጨዋታ ብቻ አሳየኋቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ድገመው አሉኝ። ስለ ምን እንደዚያ ሊሆን እንደ ቻለ ግን አንድ ልጅ አልጠየቀኝም። በሁለተኛው ቀን ምክንያቱን ላስረዳ ስነሣ አንደበቴ ተሳሰረ፤ አንዱ ልጅ ሲያስመስለኝ ሌሎቹ ሳቁ፤ ክፍሉም ገበያ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አልሄድሁም። ለክበቡ ኀላፊም አሞኛል ብዬ ላክሁ። ያላመመኝ መሆኑን ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ስናዘዝ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ዶጅሰን እንመለስ። ከወንዶቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ጨዋታን አልተወም፤ በብዕር ግን አደረገው። በዚያው በ1856 ሉዊስ ካሮል የሚለውን የብዕር ስም ያዘ። ይህም የራሱን ሁለት ስሞች ወደ ላቲን ለውጦ፣ ቅደም ተከተላቸውን ገልብጦ፣ እንደ ገና ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያወጣው ነው። ስሙ እንኳ እንቆቅልሽ ነበር። በሐምሌ 4 ቀን 1862 ከአንድ ወዳጁ ጋር ሆኖ የኮሌጁን አለቃ ሦስት ሴቶች ልጆች በጀልባ ሲያንሸራሽር፣ ከልጆቹ አንዷ ለነበረችው ለአሊስ የነገረው ተረት በ1865 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ጊዜ ይጣላል፣ ሰው ያንሳል ያድጋል፣ ቃል ከትርጉሙ ይሸሻል፤ ግን ሁሉም የራሱ ደንብ አለው። ተከታዩ መጽሐፍ በ1871 መጨረሻ ሲወጣ ደግሞ የተሠራው በቼዝ ጨዋታ አካሄድ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ የአሊስን መጽሐፍ ወደው ቀጣዩን ሥራውን እንዲልክላቸው ቢጠይቁ የሒሳብ መጽሐፍ ላከላቸው የሚል ወሬ ዛሬም ይነገራል። ዶጅሰን ራሱ ይህ ፈጽሞ ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ አስታውቋል።

በ1879 አንድ የቃላት ጨዋታ በጋዜጣ አወጣ። ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ቃላት ይሰጡሃል። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፊደል ብቻ እየለወጥህ፣ ሁልጊዜም ትርጉም ያለው ቃል እየሠራህ ካንዱ ወደ ሌላው ትሸጋገራለህ። በእኛ ፊደል ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት ሞክሬው ነበር። ከላም ወደ ልጅ ለመድረስ ላም፣ ላብ፣ ልብ፣ ልጅ ብለን እንሄዳለን። ላም ጠብቆ፣ ላቡን አፍስሶ፣ ልቡን ሰጥቶ ልጅ ያሳደገ ገበሬ ታሪክ ይመስላል።

ከ1880 ጀምሮ ደግሞ በአንድ ወርኀዊ መጽሔት ላይ የሒሳብ ጥያቄ የታሰረባቸውን አጫጭር ተረቶች ማውጣት ጀመረ። ተረቶቹን ቋጠሮ ብሎ ሰየማቸው፤ አንባቢው መፍታት አለበትና። ዐሥሩ ቋጠሮዎች በ1885 በመጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ። የመጀመሪያው ቋጠሮ እንዲህ ያለ ነው። ሁለት መንገደኞች በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው በሜዳ ላይ ሄዱ፣ ተራራም ወጡ፤ ከዚያ በዚያው መንገድ ተመልሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቤታቸው ደረሱ። በሜዳ በሰዓት 4 ማይል፣ በዳገት 3 ማይል፣ በቁልቁለት 6 ማይል ይሄዳሉ። በጠቅላላው ስንት ማይል ሄዱ? ሜዳው ስንት፣ ዳገቱ ስንት እንደ ሆነ ስላልተነገረ ጥያቄው የማይቻል ይመስላል። ነገር ግን አስተውል። አንድ ማይል ዳገት ለመውጣት 20 ደቂቃ፣ ያንኑ ለመውረድ 10 ደቂቃ፣ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ማይል ሜዳ ሄዶ ለመመለስም ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሜዳ ቢሆን ዳገት ለውጥ የለውም፤ በስድስት ሰዓት የሄዱት 24 ማይል ነው።

እዚህ ላይ ዶጅሰን ያደረገው ነገር ዓይኔን ከፈተልኝ። አንባቢዎች መልሳቸውን ሲልኩለት እሱ እያረመ በማዕርግ ይከፋፍላቸው ነበር። መልሱን በግምት ያገኘውን፣ ምክንያቱን አሟልቶ ካስረዳው ጋር አንድ አያደርጋቸውም። በ1856 ልጆቹ የተደነቁት በእሱ ብልሃት ነበር፤ አሁን ግን የሚደክሙት ራሳቸው አንባቢዎቹ ሆኑ። እኔም የተሳሳትሁት በዚህ እንደ ነበረ ገባኝ። ልጆቹን ተመልካች አድርጌ ራሴን አስማተኛ አደረግሁ። ተመልካች ደግሞ ሲሰለቸው ከመጮህ ሌላ የሚሠራው ነገር የለውም።

የዶጅሰን ትልቁ ሙከራ የመጣው ኮሌጅ ማስተማሩን ከተወ በኋላ ነው። የማሰብን ሕግ፣ ሎጂክ የሚባለውን ትምህርት፣ ለልጆች የሚሆን ጨዋታ አድርጎ በ1886 አሳተመ። ከመጽሐፉ ጋር በፖስታ ውስጥ አንድ ካርድና ዘጠኝ ጠጠሮች ነበሩ፤ አራቱ ቀይ፣ አምስቱ ግራጫ ናቸው። በካርዱ ላይ በአራት የተከፈለ አራት ማዕዘን አለ። ቀይ ጠጠር በአንድ ክፍል ላይ ብታስቀምጥ በዚያ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ግራጫ ብታስቀምጥ ምንም የለም ማለት ነው። በዚህ ብቻ የሰውን ንግግር በካርዱ ላይ አስቀምጦ፣ ከሁለት እውነት ሦስተኛው ይወጣ እንደ ሆነ ወይም አይወጣ እንደ ሆነ መመርመር ይቻላል።

ይህን ጨዋታ ይዞ በኦክስፎርድ የሴቶች ትምህርት ቤትና በአንድ የሴቶች ኮሌጅ በ1880ዎቹ ዓመታት አስተማረ። ያው ሰው ነው፤ ያው ተብታባ አንደበት ነው። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። ይሁን እንጂ ልጃገረዶቹ ትምህርቱን ወደዱት። ኤቴል ሮዌል የተባለችው ተማሪው ካደገች በኋላ ስለ እሱ ስትጽፍ፣ ራሷን ችላ የማሰብን ነገር የተማረችው ከእሱ መሆኑን መስክራለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጫጫታ ክፍል የሸሸው ወጣት፣ በስተርጅና የሚደመጥ አስተማሪ ሆነ። አንደበቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥራውን ለተማሪው ማስረከቡ ነው።

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ ወደ ልጆቹ ተመለስሁ። የካርቶን ሣጥን ቀድጄ አሥራ ስምንት ሰሌዳ ሠራሁ። ከሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ቀይ ቆርኪ ለቀምሁ። የቆርኪው ቀይ ፊት ወደ ላይ ከሆነ አለ፣ ነጩ ጀርባው ወደ ላይ ከሆነ የለም ብለን ተስማማን። ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ዓረፍተ ነገሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ እነሱ ቆርኪያቸውን ያስቀምጣሉ፤ ሁለት ጎረቤታሞች ካልተስማሙ ተከራክረው ምክንያታቸውን ለክፍሉ ያስረዳሉ። ጫጫታ አልጠፋም፤ ግን ስለ ቆርኪው አቀማመጥ የሚደረግ ጫጫታ ነበር። አያቴ ማታ ማታ ይጠይቁኝ የነበረውን የፍየል፣ የነብርና የቅጠል እንቆቅልሽም ሰጠኋቸው። የሚገርመው፣ ዶጅሰንም የቀበሮ፣ የዝይና የእህል አድርጎ ይህንኑ ልጆችን ይጠይቃቸው ነበር። እንቆቅልሹ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ አልኩዊን ለተባለው ሊቅ በሚሰጥ የላቲን መጽሐፍ ውስጥም በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ይገኛል። ልጆቹ ሦስት ሆነው ፍየል፣ ነብርና ቅጠል እየሆኑ በወንበሮች መካከል ወንዙን ተሻገሩ። ፍየሏን መልሶ ማምጣት እንደሚያስፈልግ ያገኘችው በፈተና የመጨረሻ ቁጥር የነበረችው ልጅ ናት። በሰባት ጉዞ ሁሉም ተሻገሩ።

በመጨረሻው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ ተብታባ ሁሉ ማስተማር አይችልም የሚለውን ዓረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንን እንደሚመለከት ሁሉም ያውቃልና። ተብታባ ሆኖ ማስተማር የሚችል በሚለው ክፍል ላይ ነጭ ቆርኪ አስቀመጥሁና፣ ይህን ቆርኪ ለማንሣት ስንት ቀይ እንደሚያስፈልግ ጠየቅሁ። አንድ ብቻ ይበቃል ብለው መለሱ። እኔም የዶጅሰንን ታሪክ፣ ያሸነፈበትንም የወደቀበትንም ሳላስቀር፣ እንደ ምንም እየተሳሰርሁ ነገርኋቸው። ያቺው ፍየሏን የመለሰችው ልጅ ተነሥታ ነጩን አንሥታ ቀዩን አስቀመጠች። ከዚያም ሌላ ቀይ ቆርኪ ጨመረች። የጨዋታው ደንብ አንድ ብቻ እንደሚበቃ ባስታውሳት፣ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። እንዲያው ትቼላት ተቀመጥሁ። በዓመቱ መጨረሻ ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንዱ አለፉ፤ ሰባቱ ወደቁ። ጨዋታ ሁሉን ያድናል አልልም። ከሰባቱ አምስቱ ግን ዘንድሮም ክበባችንን አልለቀቁም።

ዶጅሰን እስከ መጨረሻው አልቦዘነም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው በጨለማ ተኝቶ በሐሳቡ ብቻ የሠራቸውን 72 የሒሳብ ጥያቄዎች በ1893 አሳተመ። በ1896 የሎጂክ ትምህርቱን የመጀመሪያ ክፍል አወጣ። ሁለተኛውን ክፍል ሳይጨርስ፣ እኅቶቹ ይኖሩበት በነበረው በጊልድፎርድ ከተማ ሳለ ጉንፋን ያዘው፤ ሕመሙም ወደ ሳምባ ምች ተለወጠና በጥር 14 ቀን 1898 ዐረፈ። ስድሳ ስድስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ነበር። የተቀበረውም እዚያው ጊልድፎርድ ነው። ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው ያ ያልተጨረሰ ሥራው ተፈልጎ ተገኝቶ በ1977 ታተመ።

ከዚህ ሰው ሕይወት የተማርሁትን ላጠቃልል። ጨዋታ ትምህርትን ደስ የሚያሰኘው ከትምህርቱ ስላስመለጠን አይደለም፤ ወደ ትምህርቱ በራሳችን እግር ስለሚያስገባን ነው። ሁለተኛም፣ ሁሉ ወይም ማንም ብሎ የሚጀምር ንግግር ሲነገረን፣ ከመፍራታችን በፊት ቀይ ቆርኪ ፈልገን ማየት ይገባናል። እኔ ዘንድሮ የማመልከቻ ፎርም ስሞላ በመጀመሪያው መሥመር ላይ የጻፍሁት የሒሳብ መምህርነትን ነው። የመከሩኝን ሰው አሁንም አከብራቸዋለሁ፤ ይህንም ጽሑፍ ያነቡልኝ ዘንድ መጽሔቱን በእጄ እወስድላቸዋለሁ።

ውድ አንባቢ፣ ከመለያየታችን በፊት ግን ሥራውን ለአንተ ላስረክብ። ከላም ተነሥተን ልጅ ላይ ደርሰናል። አንድ አንድ ፊደል እየለወጥህ ከልጅ እስከ አፍ ድረስ ሂድ። በመካከሉ ሁለት ቃላት ብቻ ይበቁሃል።